ርካሽ ዕቃ ሁሉ ክፉ ዕቃ አይደለም፤ ስለ ኪስ ሰንጢ

የአንድ አገር ሕዝብ በእጅ ጥበብ ምን ያህል እንደ ገፋ ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በታላላቅ ሕንፃዎች፣ በረዣዥም ድልድዮችና በባቡር ሐዲድ ላይ ነው። እነዚህ የሥልጣኔ ምልክቶች መሆናቸው አይካድም። ዳሩ ግን ድልድዩን በውጭ አገር መሐንዲስ ማሠራት፣ ሐዲዱንም በብድር ገንዘብ ማስዘርጋት ይቻላልና፣ የሕዝቡን የጥበብ ልክ በትክክል የሚያስረዳው ድኻው በኪሱ ይዞት የሚዞረው ትንሽ ዕቃ ነው። ባለጸጋው የወደደውን ዕቃ ከሩቅም አገር ቢሆን ያስመጣል፤ ድኻው ግን የሚገዛው ገበያው ያቀረበለትን ብቻ ነው። ስለዚህ ለድኻ የሚሸጠው ዕቃ መልካም የሆነበት አገር፣ ባለእጆቹ የታመኑበት፣ ነጋዴዎቹም ማታለልን የሚያፍሩበት አገር ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ትሆን ዘንድ ከዕቃዎች ሁሉ ትንሿን፣ ታጥፋ በኪስ የምትያዘውን ሰንጢ መመልከት ይበቃል። ሰንጢ ስለቷ በእጀታዋ ውስጥ የሚደበቅ ትንሽ ቢላዋ ናት። ገበሬው ገመድ ይቆርጥባታል፤ አትክልተኛው ችግኝ ያስተካክልባታል፤ ነጋዴው የጆንያውን አፍ ይፈታባታል፤ መንገደኛው ዳቦውን ይቆርስባታል፣ ብርቱካኑን ይልጥባታል፤ ተማሪው እርሳሱን ይቀርጽባታል። ትንሽ ስለት ለትምህርትም የቆየ ባለውለታ ነው። በኢትዮጵያ ጸሐፊው የመቃ ብርዑን የሚቀርጸው፣ በአውሮፓም ጸሐፊው የላባ ብርዑን የሚያሾለው በትንሽ ቢላዋ ነበርና፣ በቀድሞው ዘመን ያለ ስለት መጽሐፍ አልተጻፈም። እንዲህ ያለውን ዕቃ እንደ ተራ ነገር ቆጥሮ ማለፍ አይገባም።

ነገር ግን ዛሬ በየገበያው በርካሽ የሚሸጠውን ሰንጢ ገዝቶ የተጠቀመ ሰው የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ። በመጀመሪያው ቀን የሚያብረቀርቀው ስለት በሳምንቱ ይዶለዱማል፤ መታጠፊያው ይላላል፤ እጀታው ይሰነጠቃል፤ ይልቁንም ክፉ የሚሆነው ሰውዬው በሥራ ላይ ሳለ ስለቱ በድንገት ታጥፎ ጣቱን ሲቆርጠው ነው። ገዢው ይህን ዕቃ ማን እንደ ሠራው ለማወቅ ቢያገላብጠው ስም አያገኝበትም፤ ምልክት ቢያገኝበትም ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ምልክት በሐሰት የታተመበት ነው። እንግዲህ ማንን ይወቅሳል? ሻጩ ዕቃው ከሩቅ እንደ መጣ ይናገራል፤ ሠሪው አይታወቅም። ድኻው በዓመት ውስጥ ሦስትና አራት ጊዜ እየገዛ፣ ባለጸጋው አንድ ጊዜ ለመልካም ዕቃ ከሚያወጣው ገንዘብ የሚበልጥ ያወጣል። ስለዚህ ርካሽ የሚመስለው ዕቃ ውድ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ያዩ ብዙ ሰዎች ርካሽ ዕቃ ሁሉ ክፉ ነው፣ መልካም የሚፈልግ ብዙ ይክፈል ብለው ይፈርዳሉ። ይህ ፍርድ ግን ትክክል አይደለም። የዋጋ ማነስ ከሁለት ነገሮች ይመጣል። አንደኛው ሠሪው ከብረቱ፣ ከሥራውና ከእውነቱ ሲቀንስ ነው። ሁለተኛው ሠሪው የማያስፈልገውን ጌጥ ትቶ፣ ሥራውን በብልኃት አቅልሎ፣ የሚያስፈልገውን ብቻ አጥብቆ ሲሠራ ነው። የመጀመሪያው ርካሽነት ማታለል ሲሆን ሁለተኛው ጥበብ ነው። ሁለተኛው ዓይነት የሚቻል መሆኑን በፈረንሳይ አገር በሳቮዋ ተራሮች የተሠራች አንዲት ሰንጢ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ስትመሰክር ኖራለች። የዚህች ሰንጢ ታሪክ ባጭሩ እንደሚከተለው ነው፤ ዓመታቱም ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሳቮዋ ሞሪየን በሚባለው ሸለቆ፣ ሳን ዣን ደ ሞሪየን ከምትባለው ከተማ በላይ በተራራው ላይ አልቢዬ ለ ቪዬ የምትባል መንደር አለች። በዚያ አካባቢ የኦፒኔል ቤተ ሰብ በብረት ሥራ ይኖር ነበር። አባትየው ለጎረቤቶቹ ምሳርና የቅርንጫፍ መቁረጫ የሚሠራ የመንደር ባለእጅ ነበር። በ1872 ዓ.ም. የተወለደው ልጁ ዦዜፍ አባቱን እየረዳ አደገ። በ1890 ዓ.ም. የ18 ዓመት ጎልማሳ ሳለ ለባልንጀሮቹ አንዲት ታጣፊ ሰንጢ ሠራ። ሰንጢዋ ጌጥ አልነበራትም፤ እንደ ሌሎቹም ቀንድና ነሐስ አልለበሰችም። አንድ ቁራጭ እንጨት፣ አንድ ስለት፣ ስለቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዝ አንድ ምስማርና እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ የሚያጠብቅ አንድ የብረት ቀለበት ነበረች። ገበሬዎቹና እረኞቹ ይህችን ሰንጢ ወደዷት፤ ዦዜፍም ሥራውን በእርሷ ላይ አደረገ።

በ1897 ዓ.ም. ገደማ ሰንጢዋ ከ1 ቁጥር እስከ 12 ቁጥር በመጠን ተለይታ ትሠራ ጀመር። ትንሿ እንደ ጌጥ በሰንሰለት የምትንጠለጠል፣ ትልቋ ደግሞ ለጠንካራ ሥራ የምትሆን ነበረች። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ ሰው ለእጁና ለሥራው የሚስማማውን በቁጥር ጠርቶ እንዲገዛ ተመቸው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ዦዜፍ ከመንደሩ በታች በወንዝ አጠገብ ፋብሪካ ሠርቶ፣ እጀታውን የሚፈለፍል መሣሪያ በራሱ ብልኃት አዘጋጀ። ከዚያ ወዲህ ሰንጢዋ ከመንደር ወደ መንደር በሚዞሩ ነጋዴዎች፣ በባቡር ሠራተኞችም እጅ ተራራውን ተሻግራ ወደ ስዊስና ወደ ኢጣልያ ደረሰች።

ከዚህ ሁሉ ግን ልብ ሊባል የሚገባው በ1909 ዓ.ም. የተደረገው ነገር ነው። በዚያ ዓመት ዦዜፍ ኦፒኔል የሰንጢውን ምልክት በሕግ አስመዘገበ። ምልክቱ ጣቶቿን ለቡራኬ የዘረጋች እጅና በላይዋ የተቀመጠ ዘውድ ነው። ዘውዱ የሳቮዋ መሳፍንት ምልክት ሲሆን፣ እጂቱ ግን የሳን ዣን ደ ሞሪየን ከተማ ማኅተም ናት። የከተማይቱ ስም ቅዱስ ዮሐንስ ማለት ነው፤ በአገሩ ትውፊት እንደሚተረከው ቴክላ የምትባል አንዲት ሴት የመጥምቁን የዮሐንስን ጣቶች ከእስክንድርያ አምጥታ በዚያ አኖረች። የመንደሩ ባለእጅ ይህን የተከበረ ምልክት ወስዶ ለእረኛ ኪስ በሚሸጥ ዕቃ ላይ ሲያትም፣ አገሩንና ስሙን መያዣ አድርጎ መስጠቱ ነበር። ሰንጢዋ ብትሰበር የሚወቀሰው የታወቀ ነው፤ ብትሰነብትም የሚመሰገነው የታወቀ ነው። እንግዲህ ያች ማኅተም በሠሪውና በገዢው መካከል የተጻፈ ውል ሆነች ማለት ነው።

የሥራዋም ብልኃት ሊመረመር የሚገባው ነው። ብዙ ሰው የሚመርጣት 8 ቁጥር ሰንጢ ስለቷ 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ክብደቷም ከ50 ግራም አይበልጥም። እጀታዋ ብዙውን ጊዜ ሔትር ከሚባለው ጠንካራ እንጨት ይፈለፈላል። ስለቷ ከሁለት ዓይነት አረብ ብረት ይሠራል። አንደኛው ካርቦኑ በመቶ 0.9 ገደማ የሆነ ብረት ነው፤ ይህ በቀላሉ ይሳላል፣ እጅግም ይቆርጣል፣ ነገር ግን እርጥብ ሆኖ ቢያድር ይዝጋል። ሁለተኛው ክሮሚየም የተጨመረበት የማይዝግ ብረት ነው፤ ይህ በውሃ አጠገብ ለሚሠራ ይሻላል። ገዢው የቱን እንደሚገዛ አስቀድሞ ይነገረዋል እንጂ አንዱ በሌላው ስም አይሸጥለትም።

ታጣፊ ሰንጢ ሁሉ የሚታማበት ነገር በሥራ ላይ ሳለ በጣት ላይ መታጠፉ እንደ ሆነ ከዚህ በላይ ተነግሯል። ይህን ነውር ለማራቅ የዦዜፍ ልጅ ማርሴል በ1955 ዓ.ም. ስንጥቅ ያለበትን የሚዞር ቀለበት ፈለሰፈ። ቀለበቱ በጣት ሲዞር የስለቱን ሥር ይዘጋና ሰንጢዋ ተከፍታ ትጸናለች፤ ሲመለስም ስለቱ ይታጠፋል። ጸደይ የለበትም፤ ውስብስብ ብልኃትም የለበትም፤ ሕፃን ቢያየው ይገባዋል። የእንጨት እጀታ ደግሞ ውሃ ሲነካው ያብጥና ስለቱን ነክሶ ይይዘዋል። የሳቮዋ ሰዎች በዚህ ጊዜ የእጀታውን ጫፍ በጠንካራ ነገር ላይ አንድ ጊዜ ይመቱታል፤ ስለቱም ለጣት እስኪበቃ ወጣ ይላል። በፈረንሳይ አገር ይህ አመታት በእነርሱ ስም ይጠራል። የዕቃው ደካማነት እንኳ ሲታወቅና መድኃኒቱ ሲነገር ከጠቡ ይልቅ ፍቅሩ ይበዛል።

ይህች የእረኛ ሰንጢ በኋላ ዘመን ትልቅ ክብር አገኘች። በ1985 ዓ.ም. በለንደን የሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር በዓለም ካሉት ያማሩ መቶ የፋብሪካ ሥራዎች መካከል ቆጠራት። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ላሩስ የተባለው የፈረንሳዮች መዝገበ ቃላት ኦፒኔል የሚለውን ቃል ከቋንቋው ቃላት ጋር አገባው። የሚያስደንቀው ግን ክብሩ ሲጨምር ዋጋው አለመሰቀሉ ነው። ዛሬም በፈረንሳይ ሱቆች ተራዋ 8 ቁጥር ሰንጢ ከ20 ዩሮ በታች ትሸጣለች። ከባለጸጎች ጋር በቤተ መዘክር የተቀመጠች፣ ከድኻው ኪስ ግን ያልወጣች ዕቃ ማለት ይህች ናት።

የዚህ ነገር ሁለተኛ ምስክር በጎረቤት አገር በስዊስ ይገኛል። በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደ ተጻፈው በእስራኤል ምድር አንጥረኛ የጠፋበት ዘመን ነበር፤ ስለዚህ ሕዝቡ ማረሻውንና ምሳሩን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይም የስዊስ ጦር ለወታደሮቹ የኪስ ሰንጢ ሲያድል የመጀመሪያዎቹን ያስመጣው ዞሊንገን ከምትባለው የጀርመን ከተማ ነበር። በሽቪትስ አውራጃ በኢባኽ የሚኖር ካርል ኤልዘነር የሚባል ባለእጅ ይህን አይቶ፣ የአገሩን ሰንጢ ሠሪዎች በማኅበር ሰብስቦ፣ በ1891 ዓ.ም. ለጦሩ ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። የዞሊንገን ፋብሪካዎች ዋጋቸው ያነሰ ስለ ነበር ባልደረቦቹ ተዉት፤ እርሱም ገንዘቡን አጥቶ በዘመዶቹ ርዳታ ተረፈ። ዳሩ ግን ሥራውን አልተወም። በ1897 ዓ.ም. ቀላል የሆነችውን የመኮንኖች ሰንጢ አስመዘገበ። በ1909 ዓ.ም. እናቱ ቪክቶሪያ በሞተች ጊዜ ስሟን ለሥራው ስም አደረገው። በ1921 ዓ.ም. የማይዝግ ብረት ሲገባ የብረቱ ስም ከእናቱ ስም ጋር ተጋጥሞ ቪክቶሪኖክስ ተባለ። ኦፒኔል የአገሩን ማኅተም በዕቃው ላይ አደረገ፤ ኤልዘነር የእናቱን ስም አደረገ። እናቱን የሚወድ ሰው በስሟ የማይረባ ብረት አይሸጥም።

በዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ የሚያነሡ ሰዎች አሉ፤ ተቃውሟቸውም ሊሰማ ይገባል። ሰንጢ የሥራ ዕቃ ብቻ አይደለችም፣ የጠብ መሣሪያም ናት ይላሉ። በአማርኛ ተናጋሪው ከተሜ ዘንድ ሰንጢ የሚለው ስም ራሱ ገበሬውንና ጸሐፊውን ሳይሆን በጨለማ የሚቆመውን ወስላታ የሚያስታውስ ሆኗል። በስለት ልጁን ያጣ ወላጅ ይህን ሲናገር ንግግሩን ማቃለል ግፍ ነው። ስለዚህ ብዙ መንግሥታት በዚህ ነገር ሕግ አውጥተዋል። በእንግሊዝ አገር በ1988 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት ስለቷ ከ3 ኢንች፣ ይኸውም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠና ተከፍታ የማትቆለፍ ታጣፊ ሰንጢ ብቻ በአደባባይ ያለ ምክንያት ልትያዝ ትችላለች፤ ከዚያ ያለፈውን የያዘ በቂ ምክንያት ማቅረብ አለበት። በጃፓንም ስለቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር የበለጠውን ያለ ተገቢ ምክንያት ይዞ መዞር ክልክል ነው። በአውሮፕላንም ይዞ መግባት ብዙ ጊዜ እንደማይፈቀድ መንገደኛ ሁሉ ያውቃል።

እነዚህ ሕጎች የሚመሰገኑበት ነገር አለ፤ ዕቃውን ከመጥላት ይልቅ ልኩን፣ ቦታውንና ምክንያቱን ይመረምራሉና። ዕቃውን ብቻ ማሳደድ ምን እንደሚያስከትል ግን የጃፓን ታሪክ ያሳያል። በዚያ አገር በሚኪ ከተማ ከ1890ዎቹ ጀምሮ ሂጎኖካሚ የሚባል ርካሽ ታጣፊ ሰንጢ ይሠራ ነበር፤ ተማሪ ሁሉ እርሳሱን የሚቀርጸው በዚህ ነበር። በጥቅምት ወር 1960 ዓ.ም. የሶሻሊስት ፓርቲ መሪ የነበረው ኢነጅሮ አሳኑማ በስብሰባ መድረክ ላይ በ17 ዓመት ወጣት ተገደለ። ወጣቱ የገደለበት መሣሪያ አጭር ጎራዴ እንጂ የተማሪ ሰንጢ አልነበረም። ሆኖም ሕዝቡ ስለ ደነገጠ ከልጆች እጅ ስለት ሁሉ ይወገድ የሚል እንቅስቃሴ ተነሣ። የእርሳስ መቅረጫ መሣሪያም ተጨምሮ የሰንጢው ሥራ ወደቀ፤ ብዙዎቹ የሚኪ ባለእጆች ወናፋቸውን ዘጉ። ዛሬ በዚያ ስም ለመሥራት መብት ያለው ያው የቀረው አንድ ቤት ብቻ ነው። በጎራዴው ወንጀል የተማሪው ሰንጢ ተቀጣ ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ስለት ያለ ሕግ ይለቀቅ የሚል አይደለም። ሰንጢ ወደ ስብሰባ፣ ወደ መጠጥ ቤት፣ ወደ ጨዋታ ሜዳ የሚይዛት ሰው ሥራ የለውምና ምክንያት የለውም። ለልጅም ስለት የሚሰጠው አባቱ ወይም አስተማሪው በቅርብ ሆኖ አያያዙን ካሳየው በኋላ ነው፤ ወደ ራሱ እንዳይቆርጥ፣ ለሌላ ሲያቀብል አጥፎ እንዲሰጥ፣ ሥራው ሲያልቅ እንዲዘጋ ሊነገረው ይገባል። በሥራ የተማረችው እጅ ስለትን ታከብራለች፤ ስለትን በሥራ ያላወቀችው እጅ ግን የምታውቀው በጠብ ጊዜ ነው።

እንግዲህ የሳቮዋና የስዊስ ነገር ለኢትዮጵያ ምን ይጠቅማል ለሚል መልሱ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ብረት ማቅለጥና መቀጥቀጥ ከጥንት የታወቀ ጥበብ ነው። ዛሬም በመርካቶ ምናለሽ ተራ፣ በየአውራጃውም ገበያ ባለእጆች በመዶሻና በወናፍ ሲሠሩ ይውላሉ። ከአሮጌ ተሽከርካሪ የወጣውን ባሌስትራ አግለው ቢላዋ፣ ማጭድና ምሳር ያደርጉታል። ባሌስትራ ጸደይ እንዲሆን የተሠራ አረብ ብረት ነውና፣ በትክክል ቢግልና ቢቀዘቅዝ መልካም ስለት ይወጣዋል። እንግዲህ ብረቱ አለ፤ እጁም አለ። የጎደለው ምንድር ነው ቢባል፣ የጎደለው ስሙ ነው። ያ ባለእጅ የሠራውን ቢላዋ ገበያ ያወጣዋል እንጂ ስሙን አያትምበትም፤ ገዢውም ዓመት ሙሉ ተጠቅሞበት የረካ እንደ ሆነ ተመልሶ ያንኑ ሰው የሚያገኝበት ምልክት የለውም።

ስሙን ለምን አላተመም የሚለው ጥያቄ ወደ አንድ አሮጌ በደል ይመራል። በኢትዮጵያ ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ለብዙ ዘመን ጠይብና ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ፣ ከጋብቻና ከማዕድ ሲገለል ኖሯል። የሚያርስበትን ማረሻ ከእጁ የሚቀበለው ገበሬ ከእርሱ ጋር ለመብላት ይጸየፍ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህን ነውር አይተው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድበውን ሁሉ ገሥጸው ከለከሉ። ስድቡ ግን በአዋጅ ቢከለከልም ከልብ ፈጥኖ አልጠፋም። ስሙ መሰደቢያ የሆነበት ሰው ስሙን በዕቃው ላይ እንዴት ያትማል? የሳቮዋው ባለእጅ የከተማውን ቅዱስ ማኅተም በሰንጢው ላይ ሲያደርግ የከተማው ሰው እንደ ስድብ አልቆጠረበትም፤ ይልቁንም ኮራበት። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ አንድ ሕዝብ የራሱን ባለእጅ ሲንቅ የሌላውን አገር ስም አልባ ብረት በገንዘቡ እየገዛ ይኖራል።

ይህን ለማቃናት የሚደረገው ነገር ከባድ አይደለም። አስቀድሞ ባለእጁ ሥራውን በልክ ያድርግ። አንድ ቀን በጣም የጠነከረና የሚሰበር፣ ሌላ ቀን የለሰለሰና የሚታጠፍ ስለት ማውጣት ስምን ያጠፋል። ብረቱ እስኪቀላ ግሎ በዘይት ከተነከረ በኋላ፣ እንዳይሰበር በመጠነኛ ሙቀት ተመልሶ መለሳለስ አለበት፤ ይህንም በዓይን ግምት ብቻ ሳይሆን በሙቀት መለኪያ ማድረግን የሙያ ትምህርት ቤቶች ሊያስተምሩት የሚችሉት ነው። ባለእጁም ወደ ትምህርት ቤቱ ይምጣ፤ አስተማሪውም ወደ ወናፉ ይሂድ፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነውና። ቀጥሎም ሰንጢዋ በሁለትና በሦስት መጠን ብቻ ተወስና ትሠራ፤ ጌጥ ይቅርባት፤ እጀታዋ ከአገር እንጨት ይሁን፤ ተከፍታ የምትጸናበት ቀለበት አይጕደልባት።

ከዚህ በኋላ ባለእጁ ወይም የባለእጆቹ ማኅበር አንድ ምልክት መርጦ ያትምባት። ይህን ምልክት ከሌባ የሚጠብቅ ሕግ አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 501 አዋጅ የንግድ ምልክትን ምዝገባና ጥበቃ የሚመለከት ነው። ሕጉ የተጻፈው ለታላላቅ ኩባንያዎች ብቻ አይደለም፤ በወናፍ አጠገብ ለተቀመጠው ሰውም ነው። ነገር ግን ባለእጁ ፋይል ይዞ ከቢሮ ቢሮ እንዲመላለስ ከተደረገ ከመዶሻው የሚያገኘውን የዕለት እንጀራ ያጣል፤ ስለዚህ ምዝገባውን የሚያስፈጽሙ ሹማምንት ወደ ገበያው ቀርበው ቢረዱት ለሥራቸው ክብር እንጂ ውርደት አይሆንባቸውም።

ገዢውም ከዚህ ግዴታ ነጻ አይደለም። ስም የታተመበትን ከስም አልባው ለይቶ ቢገዛ፣ ጥቂት ቢበልጥበትም ያንን ጥቂት በዕድሜው ያገኘዋል። የገዛውንም ይጠብቅ። ስለቱን ከሥራ በኋላ ያድርቅ፤ ከረጅም ጊዜ በፊት ዘይት ይቀባው፤ ሲዶለዱም በመሳያ ድንጋይ ላይ በሁለቱም ወገን በ20 ዲግሪ ገደማ አጋድሞ ይሳለው። በስለት ምስማር የሚነቅል፣ ቆርቆሮ የሚፈለቅቅ ሰው የሰንጢውን ሠሪ ሊወቅስ አይገባውም። የታመነ ሠሪ የታመነ ገዢ ይፈልጋል።

በመጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ አንጥረኛው የሚናገር ቃል አለ። እንደዚያ ያሉ ባለእጆች በጉባኤ ባይቀመጡም፣ በዳኝነትም ወንበር ባይገኙ፣ ያለ እነርሱ ከተማ እንደማትቆም መጽሐፉ ይመሰክርላቸዋል። የ18 ዓመቱ የሳቮዋ ጎልማሳ ለእረኛ የሠራት ሰንጢ ይህንኑ በሥራ አስረዳች። አንድ ቁራጭ እንጨት፣ አንድ ስለት፣ አንድ ምስማር፣ አንድ ቀለበትና አንድ የማያሳፍር ስም ናት። አራቱን በመርካቶ ማግኘት ይቻላል። አምስተኛውን የሚሰጠው ግን ገበያ አይደለም፤ ባለእጁን በስሙ የሚጠራና የሚያከብር ሕዝብ ነው።